ውሃ አለስላሹ

መጋቢት ገብቷል። በመተማ ዮሐንስ መጋቢት ሰውን አንድ ቦታ አያስቀምጥም። ጥላ እየተከተለ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የሚዛወረው ሰው፣ ከሱዳኗ ገላባት በኩል አቧራ ተሸክሞ የሚመጣው ንፋስ፣ ኬላው ጋ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ተራ የሚጠብቁት የጭነት መኪኖች፣ ሁሉም የሆነ ነገር ያስቸኮላቸው ይመስላሉ። እፀገነት ግን መቁነጥነጧን በወሩ ማሳበብ አልቻለችም። መጋቢት ከመግባቱ በፊትም አብሯት ነበር።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ባሏ እንዳለው ከኮኪት ሲመለስ ትራክተር ተገልብጦበት ከሞተ ወዲህ ከእናቱ ከወይዘሮ ታንጉ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች። የራሷ እናትና አባት በልጅነቷ አልፈዋል። ስለዚህ ከሐዘኑ በኋላ ወዴት ትሄዳለች ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም። ሁለቱ ሴቶች ስለ ሟቹ ብዙ አይነጋገሩም። ወይዘሮ ታንጉ ስሙን የሚያነሱት ውሃ ሲጠይቁ ነው። የግቢውን ጉድጓድ ያስቆፈረው እሱ ስለሆነ፣ «እስኪ ከእንዳለው ውሃ አቀብይኝ» ይላሉ እንጂ ውሃ ብቻ ብለው አያውቁም።

ጉድጓዱ በበጋም አይነጥፍም፤ ውሃው ግን ጠጣር ነው። ሳሙና አያረፋበትም። ነጭ ልብስ ሲታጠብበት አመድ ይመስላል፣ በማንቆርቆሪያው ሆድ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ነገር ይጋገራል። የአገሬው ሰው እንዲህ ያለውን ውሃ ጨዋማ ይለዋል። እፀገነት ለተማሪዎቿ ስታስረዳ ጨው አይደለም ድንጋይ ነው ትላለች፤ ውሃው ከምድር በታች ሲሄድ አሟሙቶ ያመጣው ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው።

ነገሩ የጀመረው ከጉድጓዱ ወደ ሮቶው የሚወጣው ቧንቧ ታፍኖ ውሃ ማንጠባጠብ ሲጀምር ነው። ጠጋኝ ተጠራ፤ የመጣው ባየልኝ ነበር። አሮጌውን ቧንቧ በመጋዝ ቆርጦ ጫፉን አሳያት። ዙሪያው ነጭ ድንጋይ ለብሶ ጣት የማያስገባ ቀዳዳ ቀርቶታል። እኔ እቀይረዋለሁ፣ ውሃው ያው ከሆነ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሜ መምጣቴ ነው አላት። ብትመጣ ምን አለበት የሚል ቃል ከአፏ ሊያመልጥ ሲል ያዘችው። ቃሉን ብትይዘውም ሙቀቱ ፊቷ ላይ ቀረ።

ባየልኝ ያንን ግቢ የሚያውቀው ዛሬ አይደለም። ጺም ሳያበቅል ከጎጃም ለአረም ወርዶ በእንዳለው የሰሊጥ እርሻ ላይ በቀን ሠራተኛነት ሠርቷል። ወደ አገሩ ሳይመለስ ቆላ የሚቀረውን የቀን ሠራተኛ በረኸኛው ሳሉግ ይለዋል፤ ባየልኝም ሳሉግ ሆኖ ቀረ። ኋላ ወደ ገዳሪፍ ተሻግሮ በአንድ የዘይት መጭመቂያ የቦይለር ውሃ ሲያለሰልስ ዓመታት ቆየ። የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ከተፈናቃዩ ጋር ተመልሶ በባጃጅ ማቆሚያው አጠገብ ሮቶ፣ ዲናሞና ቧንቧ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ። የራሱ ሱቅ ያለው ሰው ሆኗል። ለወይዘሮ ታንጉ ግን ያው ሳሉግ ነው፤ ስሙን ጠርተውት አያውቁም። እሱም እፀገነትን የአሠሪው ሚስት እንደነበረች ጊዜ «እርስዎ» ይላታል። እሷ «አንተ» ትለዋለች። ከልማድ በቀር ይህን ያዘዘ አልነበረም፤ ግን ከግንብ ይልቅ ጠንክሮ በመካከላቸው ቆሞ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጠርሙስ ውሃ ይዛ ወደ ሱቁ ገባች። ውሃ ማለስለሻ መግዛት ትፈልጋለች፤ የትኛውን እንደምትገዛ ግን አታውቅም። ባየልኝ መጀመሪያ ከመደርደሪያው ምንም አላወረደም። የውሃው ጥጥርና ሳይለካ ማሽን መምረጥ እግር ሳይለኩ ጫማ መግዛት ነው ብሎ ከጠርሙሷ በትንሽ ብልቃጥ ቀዳ፤ መድኃኒት ጨመረበት፣ ቀላ። ከዚያ ከሌላ ጠርሙስ ጠብ ያደርግበት ጀመር። ቀዩ ወደ ሰማያዊ እስኪለወጥ የገባው ጠብታ የጥጥርናው መጠን ነው። እፀገነት ይህን ዩኒቨርሲቲ ሳለች ደጋግማ ሠርታዋለች። ሳታስበው አጎንብሳ ስትቆጥር ትንሽ ቀረው አለች፤ እሱም አዎ ትንሽ ቀረው አለ። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም ነበር። ብልቃጡ ሰማያዊ ሲሆን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ፤ ሁለቱም ሌላ ቦታ አዩ።

በሱቁ ቧንቧ ላይ የሚታሠር ማግኔት ነበር። ነጩን ነገር ያስቀራል እየተባለ ይሸጣል፤ ባየልኝ ግን በሩ እንዳይዘጋ ማስደገፊያ አድርጎታል። ፊልተርም ነበር፤ ፊልተሩ ጭቃና አሸዋ ይይዛል እንጂ የሟሟ ድንጋይ አይዝም። የቀሩት ጨው የሚጠቀሙት ሁለት ማለስለሻዎች ናቸው፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። እያንዳንዱ ረጅም ሰማያዊ ሲሊንደርና ከጎኑ የጨው በርሜል አለው። በሲሊንደሩ ውስጥ የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ ቢጫ እንክብሎች ሞልተዋል። ጠጣሩ ውሃ በእነሱ መካከል ሲያልፍ ካልሲየሙ እንክብሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በምትኩ ጥቂት ሶዲየም ይለቀቃል። እንክብሎቹ ድንጋይ ሲጠግቡ ማሽኑ ራሱ ከበርሜሉ የጨው ውሃ ስቦ ያጥባቸዋል። ያኔ የያዙትን ለቀው እንደገና ይራባሉ። ትልቁን ለትንሽ ቤት መግዛት ጨው ማባከን ነው፤ ትንሹ ለብዙ ሰው ቶሎ ይጠግባል። ስለዚህ ባየልኝ መጠየቅ ያለበትን ጠየቀ።

«በቤቱ ስንት ሰው ነው የሚኖረው?»

«ሁለት» አለች። ቁጥሩን ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

«ሰው የሚጨመር ከሆነ ብዬ ነው።»

የሙያ ጥያቄ ነበር። ለማንኛውም ደንበኛ የሚለው ነው። ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ሁለቱም ሰሙት። ባየልኝ ብልቃጡን ማጠብ ጀመረ፤ የታጠበውን ደግሞ አጠበው። እፀገነት ትንሹ ይበቃል አለች፤ ወደ ቤት ስትሄድም መልሷ ልክ ይሁን አይሁን መንገዱን ሁሉ ከነከናት።

ማሽኑ የተተከለ ቀን ጎረቤታቸው ኩብራ ለወሬ መጣች። ከርከዴና ተምር ከገላባት አስመጥታ የምትሸጥ፣ ዝም ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። ውሃውን ለስላሳ ያደርገዋል ሲሏት ብርቱካኑን ነው ወይስ ጥቁሩን አለች፤ ከብርቱካኑ ለኔም በጀሪካን ይቀዳልኝ አለች። ወይዘሮ ታንጉ አልሳቁም። ራኩባ በሚሉት ዳስ ሥር፣ በገመድ ከተጠለፈው አልጋ፣ ከአንገረባቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ፣ ወደ በርሜሉ የሚገለበጠውን የጨው ከረጢት ያያሉ።

«ውሃው ጨዋማ ነው አላችሁ» አሉ፤ «ጨዋማውን ውሃ በጨው? ደግሞስ ሐኪሙ ከጨው ራቂ ያለኝ ለምን መሰላችሁ?»

እፀገነት ቁጭ ብላ ደጋግማ አስረዳቻቸው። ባየልኝም በበኩሉ ወደ ወጥ ቤቱ የሚሄደውን ቧንቧ ከማሽኑ በፊት ቀጠለው፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው የሚጠጣው ውሃ ከጉድጓዱ እንዳለ ቢመጣ ይሻላል ብሎ። ሻወሩና ማጠቢያው ብቻ በማሽኑ በኩል አለፉ። በመጨረሻ ከሲሊንደሩ ጀርባ ያለችውን ቀይ እጀታ አሳያቸው። ማሽኑ ቢበላሽ ወይም መብራት ቢጠፋ ይቺን ያዙሯት፣ ውሃው ማሽኑን ሳይነካ እንደ ድሮው ይሄዳል አላቸው። ወይዘሮ ታንጉ እጀታዋን ረዘም አድርገው አዩ።

በዚያው ቀን እፀገነት ፀጉሯን ታጠበች። ሳሙናው በእጇ ላይ እንደ ደመና ተነሣ። ስታለቀልቅ ግን ያንሸራትታል፣ አልለቅ ያለ መሰላት፤ እየደጋገመች ታጠበች። ባየልኝ ማሽኑን ሊያይ ሲመጣ ሳሙናው አይወጣም ብላ ነገረችው። «እሱ ሳሙና አይዶለም» አላት በጎጃምኛው፤ «ድንጋዩ ሲቀር ገላ እንደዚያ ነው። የራስዎ ገላ ነው።» ብሎ ሲጨርስ ጆሮው ቀላ። እፀገነት የሰማች አልመሰለችም። ግን ያን ሰሞን ውሃ በነካች ቁጥር አንድ ሰው ስለ እሷ እውነት የተናገረ ያህል ይሰማት ነበር።

ጨው ጎደለ እያለ መምጣት አበዛ። በርሜሉ በዚያ ፍጥነት እንደማይጎድል እሷ ታውቃለች። ታውቃለች፣ ዝም ትላለች።

አንድ ቀን በርሜሉን ሞልቶ የጨውን ገጽ በመዳፉ እየደለደለ ሳለ የእናቱን ነገር አጫወታት። ጎጃም ያሉት እናቱ በስልክ ሥራህ ምንድን ነው ይሉታል፤ ውሃ አለሰልሳለሁ ይላቸዋል። ማለስለስ ለእርሻ ሰው መሬት ደጋግሞ ማረስ ነው። እናቱ ለመንደሩ ልጄ መሬት አገኘ፣ እያለሰለሰ ነው ብለው አወሩ። አይ እናቴ፣ የማለሰልሰው ውሃ ነው ሲላቸው፣ «በስንት በሬ?» አሉት።

እፀገነት ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ወጣ። ግድግዳውን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር፣ መልሳ ዝም ልትል ስትሞክር እንደገና እየፈነዳባት ሳቀች። ባየልኝ እጁን ከጨው ላይ ሳያነሣ ቀና ብሎ አያት።

«እንዲህ ትስቂያለሽ ለካ» አላት።

አንቺ ነበር ያላት። ቃሉ በመካከላቸው ቆመ። ልታርመው ትችል ነበር፤ ፊቷን ማጥቆር ብቻ ይበቃ ነበር። አላረመችውም። የተሰማት ደስታ ይሁን ፍርሃት መለየት አቃታት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ውሃው ተለወጠ። ሳሙናው አላረፋ አለ፤ ፀጉሯ እንደ ገለባ ደረቀ። እፀገነት በጠርሙስ ውሃና የሳሙና ፍርፋሪ አድርጋ ነቀነቀችው፤ አረፋ ሳይሆን ነጭ ዝቃጭ ወጣ። ጉድጓዱ እንደነበረው ነው። ወሬውም አልዘገየም። ሳሉጉ ከገዳሪፍ የወደቀ ዕቃ አምጥቶ ለመበለቲቱ ሸጠላት ተባለ። ኩብራ የሰማችውን ሁሉ ተቆጥታ ነገረቻት። እፀገነት የሰማችው ግን መበለቲቱ የሚለውን ብቻ ነበር። ከተማው ሲያያት ቆይቷል ማለት ነው። ሞኝ ሆና ከሆነ በሰው ፊት ነው የሆነችው።

አስጠራችው። ባየልኝ መጥቶ ማሽኑ ፊት ቆመ። ሲሊንደሩን ዙሮ አየ። እጁ ወደ ሲሊንደሩ ጀርባ ሊዘረጋ ተነሣና በመካከል ቆመ። ወደ ራኩባው ዞር ብሎ ወይዘሮ ታንጉን አየ፤ እሳቸው መቁጠሪያቸውን ያያሉ። እጁን መለሰ።

እንክብሎቹ ሳያረጁ አልቀሩም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ።

አዲስ ነው ብለህ አልነበር አለችው። ዝም አለ። ይህ ዝምታ ነው ያበሳጫት። ቢከራከር፣ ቢምል፣ ቢቆጣ ኖሮ የምትይዘው ነገር ታገኝ ነበር። ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች፤ ድምፅዋን ብታነሣ ይሻል ነበር።

«እማማ ስምህን የማይጠሩት ለዚህ ነበር ለካ።»

ባየልኝ ዕቃውን ሰበሰበ።

«ቅዳሜ መጥቼ እነቅለዋለሁ» አለ። «እሑድ ወደ ጎንደር እወጣለሁ። አንድ ሆቴል ለማሽኖቹ ሰው ፈልጎ ነበር። ላልሄድ ነበር።» ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «ደህና ይሁኑ» አላት።

ይሁኑ። ከቃሉ ሁሉ የወጋት እሱ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለችም። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዛ የምትጽፈውን ትረሳለች። ቤት ስትገባ መውጣት ያምራታል፤ ስትወጣ ወደ ባጃጅ ማቆሚያው የሚወስደውን መንገድ ትሸሻለች፤ ዞራ ዞራ እዚያው ትደርሳለች። አንዴ ሱቁን ክፍት አይታ ቀረበች፤ በሩ ላይ ግን ዕቃ የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ። ባየልኝ የቀረውን ሊሸጥ ኮኪት ሄዷል አሏት። ምን ልትለው እንደመጣች ራሷን ጠየቀች። ተቆጥታበታለች፤ የሚሄድ መሆኑ ደግሞ ከቁጣዋ የበለጠ ያንገበግባታል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ አልገባትም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሲመጣ ብዙ እንዳይቆይ፣ እሷም ብዙ እንዳታየው፣ በርሜሉን አስቀድማ ልታራግፍ ክዳኑን ከፈተች። ጨው እስከ አፉ ሞልቷል። ላዩ ላይ የመዳፉ ምልክት አለ። በሳቀችበት ቀን ሲደለድለው የቀረ ነው፤ ደርቆ አምስቱም ጣቶቹ ይታያሉ።

ምልክቱን ለመንካት እጇን ዘረጋችና ቆመች። የዘረጋችው እጅ የሴት ነበር፤ ያቆማት የኬሚስትሪ መምህርት ናት። እንክብሎቹ አርጅተው ቢሆን ማሽኑ ራሱን ደጋግሞ እያጠበ ጨው በጨረሰ ነበር። ጨው ያልነካ ማሽን አልሠራም። ያልሠራ ማሽን ደግሞ ውሃ አልደረሰውም። ከሲሊንደሩ ጀርባ አጎንብሳ አየች። ቀይዋ እጀታ ዞራለች።

ባየልኝ ይህን አላየም ለማለት ዕውር መሆን አለበት። በእጁ ነው የተከላት። ያ ተነሥቶ የተመለሰው እጁ፣ ያ ወደ ራኩባው የወረወረው ዓይን፣ ያ ዝምታ አንድ በአንድ ተመለሱባት። የተናገረችው ቃልም ተመለሰባት።

ወደ ራኩባው ሄዳ ከአንገረቡ እግር ሥር ቆመች።

«እማማ፣ እጀታዋን ማን ነካት?»

ወይዘሮ ታንጉ መቁጠሪያቸውን አላቆሙም። «እኔ ነኝ» አሉ።

ክህደት ነበር የጠበቀችው። ስለ ጨው ከሆነ፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከማሽኑ በፊት የተቀጠለ ነው፣ እርስዎ የሚጠጡትን ጨው አይነካውም፣ እሱ አስቦ ነው እንዲያ ያደረገው እያለች ጀመረች።

«አውቃለሁ። ቀምሼዋለሁ፣ የእንዳለው ውሃ ነው። ጨው ሰበብ ነው ልጄ።»

መቁጠሪያው ቆመ።

«ሳቅሽን ሰማሁ» አሉ። «መጀመሪያ ደስ አለኝ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ልጄ የት ሄዶ ነው ይቺ የምትስቀው አልኩ። ከዚያ ሰውየው አንቺ አለሽ። እርስዎ ሲልሽ የኖረ ሰው አንቺ አለሽ፤ አንቺም አላረምሽውም። ስታርሚው ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ ነበር። በነጋታው ትምህርት ቤት ስትሄጅ ተነሥቼ አዞርኳት። እንደ ድሮው ይሄዳል ብሎን የለ? እንደ ድሮው እንዲሄድ ፈለግሁ፤ ሌላ አይደለም።»

«እሱኮ አይቶታል።»

«አይቷል። እጀታዋን አይቶ እኔን አየ። ይናገርብኛል ብዬ ስጠብቅ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ሳሉግ ሸፈነኝ። አንቺም ስትናገሪው ሰማሁ። ያኔ መነሣት ነበረብኝ፤ አልተነሣሁም። ልጄን የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺን ደግሞ በቁምሽ ልሸኝ?»

«እኔ የትም አልሄድኩም እማማ።»

«እግርሽ አልሄደም» አሉ አሮጊቷ።

እፀገነት አንገረቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው በእጇ ላይ ሟሟባት። ለመዋሸትም ሞከረች፤ እሱም አልሆነም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ ሲሄድ ቀኑ ይረዝምብኛል፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለራሴም አልተናገርኩም አለች።

«እንዳለውን ረስተሽ?»

«ሳልረሳ» አለች። «ያስቸገረኝ እሱ ነው፤ ሳልረሳ ነው።»

ወይዘሮ ታንጉ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ያንኑ ጫፍ ለእሷ አቀበሏት። ሁለቱ ሴቶች ከሐዘኑ ቀን ወዲህ አብረው ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነበር። እያንዳንዳቸው የኖሩት ሌላዋን ላለማስለቀስ ነበርና።

ባየልኝ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የቧንቧ መፍቻውን ይዞ መጣ። ሰላምታው አጭር ነበር። ወደ ማሽኑ ሲያመራ ወይዘሮ ታንጉ ከአንገረባቸው ተነሡ። ምርኩዛቸውን ይዘው ቀድመውት ሄዱና ከሲሊንደሩ ጀርባ እጃቸውን ሰደው እጀታዋን መለሷት። ተመልሰው ሲቀመጡ ባየልኝ መፍቻውን ይዞ እንደቆመ ነበር።

እፀገነት ወደ እሱ ቀረበች። ስትለማመደው ያደረችው የይቅርታ ንግግር ነበራት፤ አንዱም አልመጣላትም። ያን ቃል ባልተናገርኩ አለች። አውቀህ ዝም አልህ፣ እኔ ሳላውቅ ተናገርኩ አለች። ባየልኝ እሷን ሳይሆን መፍቻውን እያየ፣ እናትና ልጅ ከሚጣሉ ማሽን ቢበላሽ ይሻላል ብዬ ነው፣ ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር የለም፣ እርስዎ አይጨነቁ አላት።

«እርስዎ አትበለኝ።»

አሁን አያት። ዓይኑ ላይ ያየችውን ለመሸከም መሬቱን ማየት ነበረባት።

«ምን ልበልዎት ታዲያ?»

«ያን ቀን ያልኸኝን።»

ከራኩባው የምርኩዝ ድምፅ መጣ። ወይዘሮ ታንጉ መሬቱን እየቆረቆሩ ነበር። የሚናገሩት ነገር እንዳላቸውና ለመናገር እንዳልወደዱ ከምርኩዙ ይታወቃል።

«አንተ ሳሉግ» አሉ። «ይቺ ልጅ አባትና እናት የላትም። ታውቃለህ?»

አዎ አለ።

«ሰው ሴት ልጅ ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል። ጓሮ ለጓሮ በጨው ከረጢት አይመጣም። ሽማግሌህን የት ልትልክ ነው?»

ንፋሱ የራኩባውን ጣሪያ ያንኳኳል። እፀገነት ወደ ባየልኝ ዞረች። ወዴት ይላል? ማንን ያነሣል? አጎት የላት፣ ወንድም የላት። ባየልኝ መፍቻውን መሬት ላይ አኖረ፤ ባዶ እጁን ሆኖ ወደ አሮጊቷ ዞረ።

«ወደ እርስዎ» አለ። «ሌላ ማን አላት?»

ወይዘሮ ታንጉ የሟች እናት የምራቷን ሽማግሌ ተቀብላ ስትቀመጥ አይተውም ሰምተውም አያውቁም። ከፊታቸው ያለውን ነገር እንደ ማያውቁት ገበያ ዙረው የሚያዩት ይመስል ነበር።

«ይምጡ» አሉ በመጨረሻ። «የልጅቷ ወገን ሆኜ እኔ እቀመጣለሁ። እንደ ወጉ እመልሳቸዋለሁ፤ ደግመው ይምጡ። ከዚያ በኋላ የምለውን እኔም አላውቀውም፣ እንደ ሆዴ ነው። አታጣድፉኝ።»

እፀገነት ልትጠይቀው የፈራችውን ጠየቀች፤ ነገ ጎንደር ትሄዳለህ አለችው። ባየልኝ ወደ እሷ ዞረ።

«ሽማግሌ ፍለጋ ጎንደር ድረስ ምን አስኬደኝ። አብረውኝ ሲያርሙ የነበሩ አባት ኮኪት አሉልኝ።» ከዚያ፣ እንደሚሰበር ዕቃ ቀስ አድርጎ፣ «አንቺ ካልሽ» አላት።

እፀገነት ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ወይዘሮ ታንጉ ፊታቸውን ወደ ጉድጓዱ አዙረው ነበር። ጨረሱ ሲባል ደግሞ ተናገሩ፤ ለማንም የሚናገሩ አይመስሉም ነበር።

«ቅዳሜ ግን እንዳትልካቸው። ልጄ የሞተው በቅዳሜ ነው።»

ዛሬም ቅዳሜ ነበር። እፀገነት ቅዳሜ ሲመጣ ልብስ እያጠበች፣ ወለል እየፈተገች፣ እጇን ሥራ እያስያዘች ታመሸዋለች። ቀኑን የምታስበው እሷ ብቻ ትመስላት ነበር፤ አንድም ቅዳሜ ሞቱን ሳያነሡ አንገረቡ ላይ የሚውሉት ሴት ያንኑ ቀን ሲሸከሙ መኖራቸውን አላወቀችም። ሄዳ ከአጠገባቸው ተቀመጠች። ባየልኝ ካለበት አልተንቀሳቀሰም፤ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። እሱም እንዳለውን ያውቀዋል፤ በእርሻው ላይ እንጀራ በልቷል። እፀገነት ወደ ቤቷ የሚመጣውን ደስታ ፈራችው። ግን ዙሪያዋን ስታይ ያው ፍርሃት በሁለቱም ፊት ላይ ነበረ፤ ብቻዋን አልነበረም የምትፈራው።